አሮጌውን ስታዲየም ከማፍረሳችሁ በፊት በሩን ክፈቱልን

ይድረስ፦ አሮጌ ስታዲየማቸውን ጥለው ለወጡ ክለቦች፣ መሬቱን ለያዙ ማዘጋጃ ቤቶች እና ለማፍረስ ለተዋዋሉ ድርጅቶች

ክቡራን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ «ስታዲየሙ አይነካ» ብለን ልንሟገት አይደለም። አብዛኞቹ አሮጌ ስታዲየሞች መፍረሳቸው እንደማይቀር እናውቃለን፤ ለመዘጋት ያበቃቸው ምክንያትም ብዙ ጊዜ የሚያሳምን ነው። እኛን ያሳሰበን በመዘጋቱና በመፍረሱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ያ ጊዜ አንዳንዴ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ይሆናል። በሩ በሰንሰለት ታስሮ ይከርማል፣ ውስጡ ያረጃል፣ ጨዋታውን ያየው ሰውም ያረጃል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መጀመሪያ ባለሙያ ገብቶ ይመርምር፣ ከዚያ ይለካ፣ ፎቶ ይነሣ፤ በመጨረሻም ቲፎዞው በቀን ብርሃን ጥቂት በጥቂት እየሆነ ይግባና ድሮ በሚቆምበት ቦታ ቆሞ ያየውን ይናገር፣ ይቀዳም። የምንለምነው ይህንኑ ነው።

«በሚቆምበት ቦታ» የሚለውን አጥብቀን የያዝነው በምክንያት ነው። ሰው ሳሎን ተቀምጦ ስለ ድሮ ጨዋታ ሲጠየቅ የሚናገረው ጋዜጣ ላይም የሚገኘውን ነው፤ ማን አገባ፣ ስንት ለስንት አለቀ። ያንኑ ሰው ይገባበት የነበረው በር ላይ ብታቆሙት እግሩ ራሱ ይመራዋል። የትኛው ዓምድ የግራውን ጎል ይጋርደው እንደነበር፣ ዝናብ ሲጥል ሕዝቡ ወዴት እንደሚሸሽ፣ ዘፈኑ ከየትኛው ጥግ እንደሚነሣ፣ ሲሸነፉ በየትኛው በር ቶሎ እንደሚወጣ ይነግራችኋል። ይህ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። ሕንፃው ሲፈርስ ጠያቂው ቢኖር እንኳ መላሹን የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም።

በሩን መቆለፍ ሰው እንደማያግድ እናንተም ታውቃላችሁ። አጥሩ በኋላ በኩል ይቀደዳል፤ ወጣቶች ማታ በስልክ መብራት ይገባሉ። መዳብ የሚለቅመው ገመዱን ነቅሎ ሲወጣ የጉድጓዱን ብረት ክዳንም ይዞ ይሄዳል፤ ቀጥሎ የሚገባው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል። ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደገባ የሚያውቅ ከሌለ የወደቀውን የሚፈልገውም የለም። ሥርዓት ያለው ጉብኝት ይህን አደጋ የሚቀንስ እንጂ የሚያመጣ አይደለም።

ስታዲየሞቹ ለምን እንደተዘጉ አንዘነጋም (በዚህ ደብዳቤ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1971 በግላስጎው አይብሮክስ ስታዲየም መውጫ ደረጃ ላይ 66 ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ። በ1985 በብራድፎርድ የእንጨት ትሪቡን ተቃጥሎ 56 ሰዎች አለቁ፤ እሳቱን ያቀጣጠለው ከወለሉ ሥር ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ ነበር። በ1989 በእንግሊዝ ሂልስቦሮ ስታዲየም የደረሰው የመረጋገጥ አደጋ የ97 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ፤ አደጋውን መርምሮ የወጣው የቴይለር ሪፖርት ትልልቆቹ ስታዲየሞች ቆሞ መመልከትን ትተው በሙሉ ወንበር እንዲኖራቸው አሳሰበ። በመኖሪያ ቤቶች መካከል የተሠሩ አሮጌ ሜዳዎች ወንበር ሲገባባቸው የሚይዙት ሰው ቀነሰ፣ መስፋፊያ መሬትም አልነበራቸውም። የሚድልስብሮው ኤርሰም ፓርክ በ1995፣ የሰንደርላንዱ ሮከር ፓርክ በ1997 የተሰናበቱት በዚህ ማዕበል ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ዕዳ ወይም የመሬት ዋጋ ይዘጋቸዋል። በግላስጎው ካትኪን ፓርክ ይጫወት የነበረው ሰርድ ላናርክ በ1967 ከስሮ ሲጠፋ ሜዳው ያለ ክለብ ቀረ። በቦነስ አይረስ የሳን ሎሬንሶ ክለብ ስታዲየም ጋሶሜትሮ በ1979 የመጨረሻ ጨዋታውን አስተናገደ፤ ክለቡ በወታደራዊው መንግሥት ዘመን መሬቱን ለመልቀቅ ተገደደ፤ ቦታው ላይ ሱፐርማርኬት ተሠራበት።

የጠየቅነው የትም ያልታየ ነገር አይደለም። ካትኪን ፓርክ ዛሬ የሕዝብ መናፈሻ ነው፤ ደረጃዎቹና የመደገፊያ ብረቶቹ በዛፍ መካከል ቆመዋል፣ ሜዳው ላይ አሁንም ኳስ ይጫወቱበታል። የለንደኑ ክለብ ቻርልተን በ1985 ስታዲየሙን ዘ ቫሊን ጥሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ቁጥቋጦ በቀለ። በ1989 ቲፎዞዎቹ ራሳቸው ገብተው አረሙን ነቅለው አጸዱት፤ በ1990 የአካባቢ ምርጫ በስታዲየሙ ስም ፓርቲ አቋቁመው ወደ 15 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ አገኙ፤ በታኅሣሥ 1992 ክለቡ ተመልሶ ገባ። በቼክ ብርኖ ከተማ የዛ ሉዣንካሚ ስታዲየም ከ2001 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ጫካ ለብሶ ነበር፤ ፔትር ሽቫንጻራ የተባለው ተጫዋች በ2015 ሲሰናበት በጎ ፈቃደኞች መንጥረው አጽድተውት ከ30 ሺህ በላይ ሰው ገብቶ ተመለከተ። የሳን ሎሬንሶ ደጋፊዎችም ለዓመታት ታግለው በ2012 የከተማው ምክር ቤት መሬቱ እንዲመለስላቸው ሕግ እንዲያወጣ አስደረጉ። በአንጻሩ የሮሙን ፍላሚኒዮ ስታዲየም እዩት። መሐንዲሱ ፒየር ሉዊጂ ኔርቪ ከልጁ ጋር ለ1960ው ኦሊምፒክ የነደፈው ድንቅ የአርማታ ሥራ ነው፤ ከ2011 ወዲህ ግን የሚገባበት ጠፍቶ ሲፈራርስ ኖረ። በ2017 ለእንክብካቤ ጥናት ገንዘብ ሲገኝለት ጉዳቱ ብዙ ርቀት ሄዶ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በመጀመሪያው ቀን የሚገባው የስትራክቸር መሐንዲስ እንጂ ቲፎዞ አይደለም። አርማታው ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፤ ተንኮሉ ከሥር ነው። በደረጃዎቹ መካከል ያለው የማስፋፊያ ክፍተት (አርማታው በሙቀት ሲሰፋ እንዳይሰነጠቅ የሚተወው) የተሞላበት ጎማ መሰል ነገር ከጊዜ በኋላ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ ውስጥ ያለው ፌሮ ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ በእጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ የሸፈነውን አርማታ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በመጀመሪያ ፌሮውን ተከትሎ ቡናማ መስመር ይታያል፤ ከዚያ ስንጥቅ፤ ከዚያ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይወድቃል። የሚወድቀው ደግሞ ደረጃው ላይ በተቀመጠው ላይ ሳይሆን ከሥር ባለው መተላለፊያ በሚሄደው ላይ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከሥር ይጀመር፤ በመዶሻ ቀስ እያሉ ሲመቱት ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ደህና ነው፣ እንደ ከበሮ ባዶ የሚለው ለቋል። ያን ክፍል በቀለም ክበቡት፣ ከሥሩም ማንም አይለፍ።

መደገፊያ ብረቶቹን ማንም አይደገፋቸው። የሚበሰብሱት ወለሉን በሚነኩበት ሁለት ጣት በምታህል ቦታ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ብረት ቀለሙ እንኳ ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። ጣሪያ ላይ መውጣት ፈጽሞ ክልክል ይሁን፤ በተለይ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ቆርቆሮ ከሆነ ሰው አይሸከምም፣ አብዛኛውም አስቤስቶስ (ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) አለበት። አስቤስቶስ በመጸዳጃ ቤት ግድግዳ ሰሌዳና በቧንቧ ልባስም ይገኛል። ካልተሰበረ አትንኩት፤ ከተሰበረ አትጥረጉት፣ ክፍሉን ዘግታችሁ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ናሙና ይውሰድ። ተራ የጨርቅ ጭንብል ለዚህ አይረዳም።

ሰዎች የሚንቋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የርግብ ኩስ ነው፤ ደርቆ ሲቦን ሳንባ የሚጎዱ ጀርሞችና ፈንገሶች ይዞ ይነሣል፣ ስለዚህ በውሃ ሳይርስ አይጠረግም። ሁለተኛው በመልበሻ ክፍሎችና በመግቢያ ዋሻው የተኛው ውሃ ነው፤ የአይጥ ሽንት ያለበት ውሃ በቁስል በኩል ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ቡት ጫማና ጓንት ያስፈልጋል። ከመሬት በታች ያለ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ የአየር መለኪያ የሌለው ሰው አይውረድ፤ ሽታ የሌለ መስሎ የሚገድል ጋዝ ይኖራል። የመብራት ማማዎቹን መውጣት፣ የቆዩ የኤሌክትሪክ ሳጥኖችን መክፈትም እንደዚሁ ነው። «ቆጣሪው ተነሥቷል» ማለት ገመዱ ሞቷል ማለት አይደለም፤ ከመብራት ኃይል በጽሑፍ ማረጋገጫ ይምጣ።

ምርመራው ሲያልቅ አስተማማኝ የሆነው መንገድ በቀለምና በገመድ ይለይ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ይሁን። ስምንት ጎብኚ ከሁለት መሪ ጋር፣ ሁሉም የራስ ቁርና ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አድርጎ፣ ስም ዝርዝሩና የመውጫው ሰዓት በር ላይ ባለው ሰው እጅ ሆኖ። ኃይለኛ ነፋስ ባለበት ወይም ዶፍ ዝናብ በጣለ ማግስት ጉብኝቱ ይቅር።

ልኬቱ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስታዲየም ሲፈርስ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው «ያ ጎል የገባው የት ላይ ነው?» የሚለውን ነው። ሣሩ ጠፍቶ ቁጥቋጦ ቢበቅልም የጎል ቋሚዎቹ የሚተከሉባቸው የብረት ቱቦዎች አፈር ውስጥ ይቀራሉ፤ በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ወይም በቀጭን ፌሮ መሬቱን እየወጉ ይገኛሉ። በሁለቱ ቋሚዎች ውስጠኛ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት 7.32 ሜትር ነው። ቋሚው ራሱ ከ12 ሳንቲሜትር አይበልጥም፤ ስለዚህ ከቱቦ መሐል እስከ ቱቦ መሐል ስትለኩ 7.44 ሜትር ገደማ ካገኛችሁ ትክክለኛውን ይዛችኋል። ከዚያ የፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡን ለማግኘት ዘጠና ዲግሪ ለማውጣት አትድከሙ። ሁለት የሜትር መለኪያ ያዙ፤ የእያንዳንዱን ጫፍ በአንድ ቱቦ መሐል ላይ አስሩና ሁለቱንም 11.61 ሜትር ላይ አገናኟቸው። የተገናኙበት ቦታ ከጎል መስመሩ መሐል 11 ሜትር የሚርቀው ነጥብ ነው። ከውስጠኛው ጠርዝ ከለካችሁ ቁጥሩ 11.59 ይሆናል። በሌላኛው ጎልም እንዲሁ አድርጉ፤ ሁለቱን የጎል መሐሎች የሚያገናኘው ገመድ ግማሽ ላይ የመሐል ነጥቡ ይገኛል፤ ከሱ ዙሪያ 9.15 ሜትር የመሐሉ ክብ ነው። የሜዳውን ርዝመት 105 ነው ብላችሁ አትጻፉ፤ ሕጉ ሰፊ ልዩነት ስለሚፈቅድ አሮጌ ሜዳዎች ብዙ ጊዜ ያጥራሉ፣ የለካችሁትን ጻፉ።

አንድ ወጥመድ አለ። ሜዳው በዘመናት ውስጥ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፤ ከጎሉ ጀርባ ያለው ደረጃ ሲታደስ ወይም የሩጫ መም ሲነሣ የጎል መስመሩ ጥቂት ሜትር ይገፋል። ያገኛችሁት ቱቦ የመጨረሻውን ዘመን ብቻ ይነግራችኋል። ጎሉ የገባው ከአርባ ዓመት በፊት ከሆነ የድሮውን ፕላን ወይም ከአየር የተነሣ ፎቶ ፈልጉና ከማይፈርስ ነገር ጋር አስተያዩ። ነጥቡን በስልክ ጂፒኤስ ብቻ አትመዝግቡ፤ አምስት ሜትርና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል፣ አምስት ሜትር ደግሞ በጎልና በማዕዘን ምት መካከል ያለ ልዩነት ነው። የቅየሳ ባለሙያ በሳንቲሜትር የሚለካ መሣሪያ አለው። ያ ከሌለ ከግቢው ውጪ ካሉ ሦስት የማይፈርሱ ነገሮች፣ ለምሳሌ ከድልድይ ጠርዝ ወይም ከጎረቤት ሕንፃ ጥግ፣ ርቀቱን ለክታችሁ ጻፉ።

ይህ የቁጥር ጣጣ ዋጋ እንዳለው ኤርሰም ፓርክ ይመሰክራል። በ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ሰሜን ኮሪያ ጣልያንን 1 ለ 0 ያሸነፈችው እዚያ ነበር፤ ጎሉን ፓክ ዱ ኢክ አገባ። ዛሬ ቦታው መኖሪያ ቤት ነው፤ ኳሷ የተመታችበት ቦታ ግን በአንድ ቤት ደጅ ሣር ላይ በነሐስ በተቀረጸ የጫማ ጥርስ አሻራ ምልክት ተደርጎበታል። ቦታውን የለየ ሰው ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር። የአርሰናል ሃይበሪም በ2006 ከተዘጋ በኋላ አፓርታማ ሲሆን የጥንቶቹ ትሪቡኖች ፊት ተጠብቆ ሜዳው የአትክልት ስፍራ ሆነ፤ መሐሉ የት እንደነበር ዛሬም ቆሞ ማሳየት ይቻላል።

ፎቶው ደመናማ ቀን ላይ ይነሣ፤ ፀሐይ ከጣሪያው ሥር ያለውን ሁሉ ያጨልመዋል። በፎቶዎቹ የስታዲየሙ የኮምፒውተር ሞዴል ሊሠራ ከሆነ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጠለው ጋር 70 በመቶ ያህል ይደራረብ፣ የታወቀ ርዝመት ያለው ዘንግ በየክፍሉ ይታይ። ከዚህ ሌላ በእያንዳንዱ ብሎክ መሐል ወንበር ላይ ካሜራው በተቀመጠ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ከወለሉ 1.20 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ሜዳውን ያንሣ። ተመልካቹ ያየው ያንን ነው፤ ከአየር የሚነሣው ውብ ፎቶ ማንም ቲፎዞ ያላየው ነው። የፋይሉ ስም ትሪቡን፣ ብሎክ፣ ረድፍና ቀን ይያዝ።

ድምፁንም አትርሱት። ከጣሪያው ሥር ፊኛ አፈንድታችሁ ማሚቶውን በጥሩ መቅጃ ቅዱ፤ ቅጂው ያ ቦታ ድምፅን እንዴት እንደሚያስተጋባ ይይዛል፣ ስታዲየሙ ከፈረሰ በኋላም በኮምፒውተር ሌላ ድምፅ እዚያ ውስጥ እንዳለ አድርጎ ማሰማት ይቻላል። ሕዝብ የሞላበት ትሪቡን ድምፅን ስለሚውጥ ባዶው የበለጠ እንደሚያስተጋባ ግን ማስታወሻ ይጻፍ።

ከቲፎዞው ጋር የሚደረገው ቀረጻ በችኮላ አይሆንም። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ይቅረብ። አራት አምስት ሆነው ሲናገሩ ድምፁ የጎላው የሌሎቹን ትዝታ ይወስነዋል፣ ሌሎቹም ያላዩትን እንዳዩ ሆነው ይወጣሉ። መጀመሪያ ስለ ጎል አትጠይቁ። በየትኛው በር ትገቡ ነበር፣ ደረጃውን ጨርሳችሁ ስትወጡ መጀመሪያ ምን ይታያችሁ ነበር፣ በግራ ማን፣ በቀኝ ማን ይቆም ነበር፤ ከዚህ ጀምሩ። ሰውየው ዓመቱን ወይም ውጤቱን ቢስት በንግግሩ መሐል አታርሙት፤ ትክክለኛውን በኋላ ከጋዜጣ አስተያዩና ለብቻው አስፍሩ። የተሳሳተውም ይቆይ፤ ብዙ ሰው ጎሉ በሌላኛው ወገን እንደገባ እያለ ሲምል ካገኛችሁ፣ ያ ራሱ መመዝገብ ያለበት ነገር ነው። ማይክሮፎኑ ልብስ ላይ የሚሰካና የነፋስ መከላከያ ያለው ይሁን፤ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ነፋስ ያፏጫል፣ የስልክ ቅጂ ደግሞ ከዚያ ሌላ ምንም አይሰማበትም። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚሰማው ንገሩት። ቅጂው በሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱ ሌላ ሕንፃ ውስጥ።

ማን ይጠየቅ የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። ከጎሉ ጀርባ የሚዘፍነው ቲፎዞ በቀላሉ ይገኛል። ትኬት ትቆርጥ የነበረችው፣ ሣሩን የሚያጭደው፣ ኳስ አቀባዩ ልጅ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪው፣ በየጨዋታው መስኮቷን ዘግታ የምትቀመጠው ጎረቤት፣ እና የተቃራኒው ቡድን ደጋፊ ግን የሚፈልጋቸው ካልተመደበ አይገኙም። ስታዲየሙን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሜዳ ጠባቂው ነው፤ ውሃ የሚቋጥርበትን፣ ውርጭ የማይለቀውን ጥግ ይነግራችኋል።

ቢሮዎቹ ውስጥ የሚቀሩትን ወረቀቶች በተመለከተ፦ የረጠበ መዝገብ የተጣበቀ ገጹን አታላቅቁ። በሁለት ቀን ውስጥ ማድረቅ ካልተቻለ ሻጋታ ይይዘዋል፤ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዙትና ለመዝገብ ቤት ባለሙያ ስጡ። የኮምጣጤ ሽታ ያለው የፊልም ጥቅል እየተበላሸ ነው፤ ከሌሎቹ ለዩት።

ወንበርና የመግቢያ ብረት በር በጨረታ መሸጥ መብታችሁ ነው። ከመነቀሉ በፊት ግን ባለበት ሆኖ ፎቶ ይነሣ፣ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ይጻፍበት፣ ቁጥሩም ከነገዢው መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ያለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁሉም «ከጎሉ ጀርባ የነበረው ወንበር ነው» እየተባለ ይሸጣል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አንድ ለሕዝብ ይቅር።

በአንዳንድ አገሮች የሟች ቲፎዞ አመድ ሜዳው ላይ ይበተናል ወይም ከጎሉ ጀርባ ይቀበራል። ቡልዶዘር ከመግባቱ በፊት ቤተሰቦቹን የመጥራት ግዴታ የእናንተ ነው። የክለቡ መዝገብ ስለማይሟላ ማስታወቂያውን ወራት አስቀድማችሁ አውጡ፤ አፈሩ ተቆፍሮ ወዴት እንደሚሄድም በግልጽ ንገሯቸው።

ይህ ሁሉ በቃል ተስፋ አይቆምም፤ የማፍረሻ ውሉ ውስጥ አንቀጽ ሆኖ ይግባ። ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ለምርመራ፣ ለልኬትና ለቀረጻ ስንት ቀን እንደተተወ፣ የልኬቱና የቀረጻው ግልባጭ ለየትኛው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደሚሰጥ ይጻፍ። በሩ የሚከፈትበትን ቀን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አሳውቁ፤ ከሚጠሩት ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑ መጓጓዣ፣ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ደረጃው ላይ የሚያሳርፍ መቀመጫና የሚጠጣ ውሃ ማዘጋጀት ጊዜ ይፈልጋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አሮጌ ስታዲየሞችን የምንለካና የቲፎዞዎችን ትዝታ የምንመዘግብ